መቃብር ውስጥ የመራመድ ወግ

የሽኝቴ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ፤ ኬክ አስቆረሱኝ፤ ኃላፊያችንም «በትጋትና በታማኝነት» የሚል ንግግር አነበቡ። ንግግሩ መጥፎ አልነበረም፤ ለእኔም፣ ለዘበኛውም፣ ለጄኔሬተሩም ይሆናል። በሥራ ዘመኔ ከሁሉ የምኮራበት ጉዳይ ግን ሳይነሣ ቀረ። አፍረውልኝ ነው መሰለኝ። እንግዲያው እኔው ላንሣው፦ ሰው መቃብር ውስጥ መራመድ አስተምሬአለሁ! ወገባቸውን በነጠላ አስሬ፣ ዱላ አስይዤ፣ በሐውልትና በሐውልት መካከል አመላልሻቸዋለሁ። ይህን ስናገር ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው ብዙ ነው። ያጨማድድ፤ ለፊት ጡንቻ ጥሩ ስፖርት ነው።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበርኩ። ስትሮክ ጎኑን የያዘበትን፣ አደጋ እግሩን የሰበረበትን ሰው እንደገና ማቆም ነው ሥራዬ። ሕዝቡ «ሲስተር» ይለኛል፤ ነርስ አይደለሁም፤ ማረሙን ከተውኩ ግን ቆየሁ። አሁን ጡረታ ሳይደርስልኝ ለቅቄ ዲላ ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ መጽሐፍ አከራያለሁ። የሰው ጉልበት ስጠግን የራሴ አለቀ። መጽሐፍ ቢወድቅም ወጌሻ አይፈልግም።

መጀመሪያ የተመደብኩት ቡሌ ነበር። ቡሌ ብርዱን ይችሉታል፤ ጭቃውንም ይለምዱታል፤ ደልዳላ መሬት ግን ከየት ይመጣል? አንድ ታማሚ ሁለት እርምጃ ይራመዳል፣ ሦስተኛውን ይንሸራተታል፤ እኔም ተከትዬ እንሰቱ ሥር እገኛለሁ። ከዚያ ወደ ጨለለቅቱ አዛወሩኝ። እዚያ ሥራው ሌላ ነበር፦ የቡና ወቅት ሲደርስ ቡናው ሞተር ብስክሌት ይሆናል፣ ሞተሩ እግር ይሰብራል፣ እግሩ እኔ ዘንድ ይመጣል። አለቃዬ የኔን ሙያ ከማሸት ለይተው አያውቁም ነበርና ባገኙኝ ቁጥር «ቅባት አላነሰሽም?» ይሉኝ ነበር። ደመወዙን አላነሣውም፤ እሱም እኔን ብዙ አላነሣኝም።

ሙያ የተማርኩት ግን ዲላ ስመጣ፣ ከጋሽ ለገሰ ነው።

ጋሽ ለገሰ የክፍሉ አንጋፋ ባለሙያ ነበሩ፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ቦርሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ መጋዝ የሚይዙ ሰው። መጋዙ ለዱላ ነው። ሕዝባችን ለታመመ ሰው ያገኘውን ዱላ ያቀብላል፤ አንዱ ብብቱ ሥር ይገባል፣ ሌላው እንደ እረኛ አጎንብሶ ይሄዳል። ጋሽ ለገሰ ታማሚውን ቀጥ አድርገው ያቆሙና እጁ እንደተንጠለጠለ የአንጓውን አጥንት በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ይቆርጡታል። ዱላውንም ከታመመው እግር ማዶ፣ በደህናው እጅ ያስይዙታል። ዘመድ ሁሉ ይጮሃል፤ «ኧረ ጋሼ፣ የታመመው በዚያ በኩል ነው!»  ታማሚው አንድ እርምጃ ሲራመድ ጩኸቱ በራሱ ይቆማል።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ታማሚን እጁን ይዘው አይጎትቱም። ነጠላ ጠምዝዘው ወገቡ ላይ ያስሩና ከኋላ፣ በደካማው ጎን፣ ነጠላውን በሁለት ጣት ብቻ ይይዛሉ። «እጁን ከያዝሽው አንቺን ነው የሚያየው፤ ከኋላው ከሆንሽ መንገዱን ያያል» ይሉኝ ነበር። አይዞህም አይሉም። ሰው ሊወድቅ ሲል ነው አይዞህ የሚባለው፤ ቃሉን ሲሰማ የሚወድቅ ይመስለዋል።

የተሰጠን ክፍል ግማሹ የተሰበረ አልጋ ማከማቻ ነበር። ግቢው ጠጠርና ቁልቁለት፤ ከአጥሩ ውጪ ባጃጅ። አንድ ጠዋት ጋሽ ለገሰ መጋዛቸውን አንጠልጥለው «ነዪ፣ ሜዳ አግኝቻለሁ» አሉኝ። ተከተልኳቸው። ዳገቱን ወጥተን፣ የሰፈሩ እድር የሚያስተዳድረው መካነ መቃብር በር ላይ ቆሙ። ውስጡ ደልዳላ! ሣሩ አጭር፣ መንገዱ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ፣ ጥላው ጽድ፣ ዙሪያው መደገፊያ የሚሆን ዝቅተኛ የድንጋይ ካብ። ባጃጅ የለ፣ ሞተር የለ፣ የሚገፋ ሰው የለ። ነዋሪዎቹ ሁሉ ጸጥተኞች!

ጋሽ ለገሰ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ መቃብሮቹ «እንደምን አደራችሁ» አሉ።

«ጋሼ፣ ይሰሙኛል ብለው ነው?» አልኳቸው።

«የሚሰሙትን እነሱ ያውቃሉ። እኔ ሳላንኳኳ የሰው ቤት አልገባም።»

እንዲህ ተጀመረ። ወጉም ከሥራው ጋር አብሮ ተወለደ። መቃብር አንሻገርም፤ እንዞራለን። መዞሩም ራሱ ልምምድ ነው፤ ስትሮክ ላገኘው ሰው ቀጥ ብሎ ከመሄድ መታጠፍ ይከብዳል። ካቡ ላይ እንጂ ሐውልት ላይ አንቀመጥም። የሐውልት ብረት ይዘን ቁጭ ብድግ የምንሠራው ቤተሰቡ ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ ከጠየቅናቸው አብዛኞቹ ፈቅደውልናል፤ አንዷ ሴትማ «አባቴ ሰው መርዳት ይወድ ነበር፤ ያዙት» ብላናለች። ቀብር ከመጣ ልምምዱ ይቆማል፤ መቆም የሚችል ይቆማል፣ አፈር ማልበስ የሚችል ያለብሳል። እርምጃ ጮክ ብለን አንቆጥርም። ይህን የተማርነው በመንገደኛ ነው፦ ጎህ ሲቀድ ከጽዱ ማዶ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» የሚል ድምፅ የሰማ ሰው ሙታን ስም እየጠሩ ነው ብሎ የተሸከመውን ሙዝ ጥሎ ሮጦ ነበር። ለሰውየው ሩጫው ሳይጠቅመው አይቀርም።

እኛን አይተው የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችም መሮጫ አደረጉት። ከዚያ ነው ወጉ ጠባቂ የፈለገው። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ እግሮቹን ሐውልት ላይ ሰቅሎ ፑሽ አፕ ሲሠራ አገኘሁት።

«ወንድሜ፣ እግርህን ያሳረፍክበትን ታውቀዋለህ?»

«ሶሪ ማዘርዬ፣ ቤንች መስሎኝ ነው።»

«ስም የተጻፈበት ቤንች አይተህ ታውቃለህ?»

«ካምፓስ ውስጥ እኮ ቤንቹ ሁሉ ስም ተጽፎበታል!»

ሳቄ አመለጠኝ። ልጁ ግን ወርዶ ስሙን አነበበ፤ በመዳፉም አቧራውን ጠረገ። ከዚያ ወዲህ ዙሩን የሚጀምረው ከዚያ ሐውልት ነበር። በመጻሕፍት እንዳነበብኩት በሌላ አገር ሰዎች መቃብር ሥፍራ ውስጥ ይሮጣሉ፣ ዕረፍት ቀንም ምሳቸውን ይዘው ይሄዳሉ። እኛ ግን ለሙታን ያለንን ክብር የምንገልጸው ባለመሄድ ነው። በአርባ ቀን ሐውልት እናቆማለን፣ በዓመቱ አረም ይውጠዋል። የቱ ይሆን ነውሩ?

ይህን ያህል ስኮራ የወደቅኩበትን ቀን ላልፈው አልችልም።

አንዲት እናት ነበሩ፤ እማማ ደስታ እንበላቸው። ግራ ጎናቸውን ስትሮክ ይዞታል፤ ግን ቀልደኛ፣ ብርቱ፤ ክፍላችን ውስጥ ካልጋ እስከ መስኮት በነጠላ ይሄዳሉ። ጋሽ ለገሰ ለጥቂት ቀን ሌላ ከተማ ሄደው ስለነበር እኔ ብቻዬን ነኝ። ደስ ብሎኝ፣ ልጃቸውን አስከትዬ፣ ባጃጅ ላይ አሳፍሬ ወደ መቃብሩ ወሰድኳቸው። የት እንደምንሄድ አልነገርኳቸውም፤ ለእኔ ሜዳ ነዋ! በሩ ላይ ስንወርድ ጽዱን አዩ፣ ሐውልቱን አዩ፣ ቀጥሎ ልጃቸውን አዩ።

«ቦታዬን ልታሳዩኝ ነው ያመጣችሁኝ?» አሉ።

«ኧረ እማማ! ለመራመድ ነው፤ ሁሉም እዚህ ነው የሚራመደው!»

«አውቄአለሁ ልጄ። ደግ አደረጋችሁ። መልሱኝ።»

ተቆጥተው ቢሆን ኖሮ እንዴት ጥሩ ነበር። ቤታቸው እየሄድኩ ለመንኳቸው፤ ልጃቸው አለቀሰ፤ ፓስተራቸው አስረዷቸው። ሁላችንንም እያመሰገኑ ይሰሙናል። እግራቸውን ግን ዳግም መሬት ላይ አላሳረፉም። ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ።

ጋሽ ለገሰ ሲመለሱ ሁሉን ነገርኳቸው። መጋዛቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ሙታኑን አስፈቅደሻል» አሉ፤ «እሳቸውን ግን አላስፈቀድሽም።»  የመቃብሩ ወግ ትልቁ ሕግ ይህ ነው፤ የተቀበረውን ማስቀየም ከባድ ነው፤ ያልተቀበረው ግን በቀላሉ ይሰበራል። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሳልጠይቅ ከበሩ አላሳለፍኩም።

ጋሽ ለገሰ ጡረታ ወጥተው ወደ ልጆቻቸው አገር ከሄዱ በኋላ እድሩ አዲስ ዳኛ መረጠ፤ አቶ ጅግሶን። አሪቻ በሚባል የቡና ማጠቢያ ውስጥ ረጅም ዘመን የሠራተኞች አለቃ የነበሩ፣ ድምፃቸው ከወንዝ ማዶ የሚሰማ ሰው ናቸው። የመጀመሪያ ሥራቸው እኛን ማባረር ሆነ። «መቃብር ጂም አይደለም!» አሉ፤ በሩ ላይም ሰሌዳ ተሰቀለ። ፍየል ሲግጥበት ያልተሰበሰበ እድር ሰው ሲራመድበት ተሰበሰበ! ሄጄ ተከራከርኩ። የማውቀውን ሁሉ አነሣሁ፤ የሌላውን አገር፣ የራሳችንን አረም፣ ፍየሎቹን። አቶ ጅግሶ ጆሮ ሰጥተው ሰሙኝ፤ «አፍ አለሽ» አሉኝና አሰናበቱኝ።

ዓመት ሳይሞላ አቶ ጅግሶን ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸውን ያዘው፤ ያ ድምፅም ተንሻፈፈ። «እሰይ» እንዳልል ሙያዬ ይከለክለኛል፤ ከሙያዬ በቀር ግን የሚከለክለኝ አልነበረም። ቤታቸው ስሄድ ጎናቸው አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ተቀምጠዋል፤ ታላቅ ወንድማቸው አቶ ወራሳ። ልባቸው ደክሟል፤ ሐኪም ብዙ አይቆዩም ብሏል፤ እሳቸው ግን ይህን እንደ ቀልድ ነው የሚያወሩት። አፍ የፈቱበት ቋንቋ ጌዴኦኛ ነው፤ አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም።

«ምን እንዲሆንልዎት ይፈልጋሉ?» አልኩ አቶ ጅግሶን።

«ወንድሜን በእግሬ ልቅበር።»

ባለቤታቸው ደነገጡ። አቶ ወራሳ ግን ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ፤ የተስማሙበት ጉዳይ ነው።

«አባታችን ሲሞት እኔ ትንሽ ነበርኩ» አሉ አቶ ጅግሶ፤ ቃሉ ካፋቸው ተቆራርጦ ነው የሚወጣው። «ይሄ ሰውዬ ትከሻው ላይ አድርጎኝ ነው ቀብር የሄደው። እኔ እሱን ባጃጅ ላይ ተቀምጬ አልሸኘውም።»

«ቶሎ አስተምረው፣ ሲስተር» አሉኝ አቶ ወራሳ፤ «እኔ ቀጠሮ አለኝ።»

የት ልናስተምራቸው? ሰሌዳውን ያሰቀሉት እሳቸው! ለሳምንት ያህል ግቢያቸው ውስጥ ሞከርን፤ ጠባብ፣ ወጣ ገባ። በመጨረሻ አቶ ጅግሶ ራሳቸው «ውሰጂኝ» አሉ። በሩ ላይ ደርሰን፣ የእድሩ ዘበኛ ግራ ተጋብቶ ሲያያቸው፣ ደረታቸውን ነፍተው እንዲህ አሉ፦

«እኔ ልምምድ አልመጣሁም። መቃብሩን እየጎበኘሁ ነው።»

በየጠዋቱ ጎበኙ! የእድር ዳኛ እንደዚያ ተግቶ መቃብር የጎበኘበት አገር ያለ አይመስለኝም። ወገባቸው ላይ ነጠላ፣ ግራ እጃቸው ላይ ዱላ፣ ከኋላ በቀኝ በኩል እኔ። በመቃብሮቹ መሐል ያለው መተላለፊያ ጠባብ ቢሆንም ሰውነታቸው አወቀው። በተጠጋጉ የቡና ማድረቂያ አልጋዎች መሐል ዕድሜያቸውን ሙሉ በጎን ሲያልፉ ኖረዋልና ቀጥ ብሎ ከመሄድ ቀድሞ የተመለሰላቸው በጎን መሄድ ነው። እንደዚህ ያለ ነገር በማንም መጽሐፍ አላነበብኩም፤ በደስታ ልጮህ ደርሼ ወጉ ያዘኝ!

አቶ ወራሳ በባጃጅ እየመጡ ካቡ ላይ ይቀመጣሉ።

«ጅግሶ! ጉብኝቱ እንዴት ነው? የጎደለ ሰው አለ?»

«ዝም በል፣ አንተ ሽማግሌ!»

«ያ እግር እየተጎተተ ነው። በዚያ እግር ከሆነ እኔ ልቆይልህ ነው።»

«ቆይ! ማን ከለከለህ!»

አንዳንዴ አቶ ወራሳ ራሳቸው ተነሥተው የሚያርፉበትን ሥፍራ በከዘራ እያሳዩ «እዚህ ጋ ቀስ በል፣ እርጥብ ይሆናል» ይሏቸዋል። ሌሎች ታማሚዎቼ ግን ከበሩ ውጪ ነበሩ፤ ሰሌዳው አልወረደም። አንድ ቀን ይህን ባነሣባቸው አቶ ጅግሶ «እኔ ጎብኚ ነኝ» አሉኝ፤ ዓይኔን ግን አላዩም።  የተስማማነው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ያ ቀን ሳይደርስ በእግራቸው ማቆም።

ደረሰ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ፤ አቶ ወራሳ በእንቅልፋቸው አርፈዋል።

ቤቱ ስደርስ ነው የደነገጥኩት። ቤታቸው ከዳገቱ ግርጌ ነው፤ መቃብሩ ከአናቱ። ያን ሁሉ ጊዜ በባጃጅ ወጥተን ሜዳው ላይ ተራመድን እንጂ ዳገቱን አንድ ቀን አልሞከርነውም! ቀብሩ የሚሄደው ደግሞ በእግር፣ በዳገቱ መንገድ ነው። በእኛ ሰፈር ወንዶች ከሳጥኑ ጋር ይቀድማሉ፤ ሴቶች እንከተላለን። በደካማው ጎናቸው መሆን አልችልም፤ ነጠላዬም ለሐዘን ትከሻዬ ላይ ነው።

ሳጥኑ ተነሣ። የእኛ አገር ተሸካሚ ያውቁታል፤ ይሮጣል። ዝናብም አስፈራርቷል። አቶ ጅግሶ ሳጥኑን ተከትለው በዱላቸው ጀመሩ፤ አሥር እርምጃ ሳይሄዱ ሕዝቡ አልፏቸው ሄደ። አንድ ባጃጅ ጎናቸው መጥቶ ቆመ። ሁለት የእድር ሰዎች ብብታቸው ሥር ሊገቡ ጎንበስ አሉ። «ዳኛ፣ ግዴለም፣ እንያዝዎት። ጌታ ያውቃል።» ከሩቅ ሆኜ የአቶ ጅግሶ ትከሻ ሲወርድ አየሁ። አበቃ አልኩ።

ያኔ ያ ድምፅ መጣ! የተንሻፈፈ፣ ግን ወንዝ የሚሻገር።

«እርጥብ ነው! ቀስ!»

ሕዝቡ ክው አለ። እኔም አልገባኝም ነበር። ሳጥኑን ከያዙት ወጣቶች ሁለቱ አሪቻ በእሳቸው ሥር የሠሩ ናቸው፤ ታጥቦ የወጣ ቡና በቃሬዛ ወደ ማድረቂያው ሲሸከሙ አለቃቸው የሚጮኹባቸው ይህን ነበር። እግራቸው ከጭንቅላታቸው ቀድሞ ታዘዘ፤ ቀጥ አሉ። የቀሩትም ተሸካሚዎች ሳይወዱ ቆሙ።

«አንሳ!» አሉ አቶ ጅግሶ፤ ግራ እግራቸው ወጣ። «አሳርፍ!» አሉ፤ ቀኙ ተከተለ። ሳጥኑም አንድ እርምጃ ወጣና አረፈ። «ቀስ! እርጥብ ነው!»

ዳገቱን እንዲህ ወጣነው። ተሸካሚው፣ ፓስተሩ፣ ሽማግሌው፣ ተማሪው፣ እኛም ከኋላ፣ በሙሉ ስትሮክ በመታው በአንድ ሰው እርምጃ። ዝናቡ መጣ፤ ማንም አልቸኮለም። ጎኔ የነበረች ሴት መጀመሪያ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች፤ በሩ ጋ ስንደርስ ያው ነጠላ ለሌላ ነገር ሆነላት። እኔ ግን እውነቱን ልናገር? በሐዘን መሐል እያንዳንዱን ተረከዝ እያየሁ ነበር። አንዱም አልተጎተተም።

አፈሩ ከለበሰ በኋላ የእድር ዳኛ ስለ ድንኳኑና ስለ ተራው ይናገራል። ወንበር አመጡላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ወገኖቼ» አሉ፤ «እዚህ ልምምድ ክልክል ነው ብዬ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ የተመላለስኩት ግን ለጉብኝት አልነበረም።»

«እናውቃለን!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ቀብር ላይ እንደዚያ ሲሳቅ ሰምቼ አላውቅም።

ሕዝቡ ወደ ድንኳኑ ሊወርድ ተነሣ። አቶ ጅግሶ በሩ ላይ ደርሰው ቆሙ። ከታች ያን ቁልቁለት፣ ዝናብ ያራሰውን፣ ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። ባጃጁ አሁንም ሞተሩን አላጠፋም። ደህናውን እግራቸውን ወደ ታች ሰደድ አደረጉና ቀኝ ጉልበታቸው ሲከዳቸው መለሱት። ከዚያ ዞር ብለው፣ በወንዱ ሁሉ መሐል፣ ፈለጉኝ።

«ሲስተር! መውጣቱን ወጣሁ። መውረዱ እንዴት ነው?»

ሴቶቹን አልፌ፣ ወንዶቹን አልፌ ሄድኩ። ትከሻዬ ላይ ያለውን የሐዘን ነጠላ አውርጄ ጠመዘዝኩት፤ ወገባቸው ላይ አሰርኩት፤ በቀኝ በኩል ከኋላ ቆምኩ። እድሩ በሙሉ ያየናል። መቃብር በር ላይ ጮክ ብዬ አስተምሬ አላውቅም ነበር።

«ሲወርዱ ተራው ይገለበጣል፣ ጋሼ» አልኩ፤ ሁሉም እንዲሰማ። «ዱላው ይቅደም። ከዱላው ጋር የታመመው እግር። ደህናው ከላይ ሆኖ ይጠብቀዋል።»

ዱላው ወረደ። ቀኝ እግራቸው ወረደ፤ ቆመ።